ከቁጥሩ በፊት ያለችው ሰረዝ

ዝናብ ካባራ በኋላ የሚመጣው ብርሃን ለጥገና ሥራ አይመችም። የሁሉን ነገር ጠርዝ ያለሰልሳል፣ ሰውን ያስተክዛል፣ የብየዳ ካውያ መያዝ ያለበትን እጅ አገጭ ሥር ያስቀምጣል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠጋኟ ሥራዋን ትታ መንገድ መንገዱን የምታየው በብርሃኑ ምክንያት ነው ብንል ግን በብርሃኑ ላይ ግፍ መሥራት ይሆንብናል። የምትጠብቀው ሰው ነበራት።

ሱቁ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ነው። መስኮቱ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች፣ አቧራ የጠጡ ስፒከሮች፣ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ የቤት ስልኮች ተደርድረዋል። ባለሱቁ አባቷ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ካውያው ወደ ልጃቸው እጅ አልፏል፤ ወንበራቸውን ግን ለማንም አላስረከቡም። ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚጠገነውን ሁሉ በጆሯቸው ይመረምራሉ፤ ጆሯቸው ደግሞ ከብዙ ሰው ዓይን ይሻላል።

«የገደል ማሚቶሽ መጣ» አሉ፣ በሩ ገና ሳይከፈት።

«አባዬ፣ እባክህ ዝም በል። ይሰማሃል።»

«ይስማኛ። እኔስ እዚህ ቁጭ ብዬ ስንቱን እየሰማሁ ዝም ብዬ የለ?»

ጊታሪስቱ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ ጸጉሩ ላይ የዝናብ ጠብታ ይዞ ገባ። የገደል ማሚቶ ብለው ስም ያወጡለት በእጁ በያዛት ሳጥን የተነሳ ነው። መዳፍ የምታህል፣ ሰማያዊ ቀለሟ በእግር ብዛት የተፋቀ የጊታር ፔዳል ናት። ሲረግጧት አንዷን የጊታር ድምፅ ተቀብላ ደጋግማ ትመልሳለች፤ እየራቀች፣ እየሳሳች፣ መጨረሻ ላይ ሰምተናት ይሁን አስበናት እስከማናውቅ ድረስ። እሱ የሚጫወተው ዜማ ሁሉ በዚያች ሳጥን ላይ የተሠራ ነው። ያለሷ ጣቶቹ ይቸኩላሉ፤ ከእሷ ጋር ሲሆኑ መጠበቅ ያውቁበታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?» ጠጋኟ ሳጥኗን ተቀበለችው። ጣቶቻቸው እንዳይነካኩ ሁለቱም ተጠነቀቁ፤ ሁለቱም መጠንቀቃቸውን አዩ።

«ታጉረመርማለች። መጀመሪያ እምምም ትላለች፣ እንደ ንብ። ከዚያ ዜማው መሃል ላይ ጥፍት።»

«አኩርፋ ይሆናል።»

«ማንን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አብረሃት የምትውለው አንተ አይደለህ?»

ሳቀ። ሲስቅ ወደ መሬት ነው የሚያየው፤ እሷ ደግሞ ይህን ታውቃለችና ሲስቅ ነው ልቧ እስኪጠግብ የምታየው። ቀና ሲል ዓይኗ ሁልጊዜ ሥራው ላይ ነው። የዚያ መንደር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሁለቱ ብቻ ሳይነጋገሩበት የቆዩት በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው።

ሳጥኗን ከፍታ ባትሪ ገጠመችላት፤ ጊታሩንም ከሱቁ መሞከሪያ ስፒከር ጋር አገናኘች። «ምታ» አለችው። አንድ ክር መታ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተመለሰ፣ በሬዲዮዎቹ መሃል አልፎ ወደ እርጥቡ መንገድ ሄደ። ጉርምርምታ የሚባል የለም። ባትሪውን አውጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን አሮጌ አዳፕተሩን ስታገናኛት ንቦቹ ተመልሰው መጡ።

«ሳጥኗማ ጤነኛ ናት» አለች። «የታመመው የሚያበላት ነው።»

«ታዲያ በባትሪ እንዳልጫወት እንደ ከረሜላ ነው የምትጨርሰው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትራባለች።»

የአዳፕተሩን ሽቦ አንገቱ ላይ ይዛ ቀስ ብላ አጠፈችው። ድምፁ ጠፋ። አቃናችው፤ መጣ። ሽቦው ፕላስቲኩ ውስጥ ተበጣጥሶ በአንድ ቀጭን ክር ነበር የቆመው፤ ሆዱም አርጅቷል። «ይሄ ከእንግዲህ አይጠገንም፣ ይቀየራል» አለችና ስንት ቮልት እንደሚሰጥ ለማወቅ ቴስተሯን አነሳች። ቀዩን መርፌ ወደ ጫፉ ቀዳዳ ከተተች፣ ጥቁሩን ከውጭ አስነካች። ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ብልጭ አለ። ከቁጥሩ በፊት አንዲት ትንሽ ሰረዝ ነበረች።

ልክ በዚያች ቅጽበት፣ «ነገ ይሰሙኛል» አለ።

«እነማን?»

«ያ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ትልቁ ባንድ። ጊታር የሚጫወትላቸው ሰው ታሞ ቀረባቸው። ከወደዱኝ ሁለት ዓመት ከእነሱ ጋር ነኝ። በዚሁ ሳምንት ይነሳሉ።»

ጠጋኟ ቴስተሩ ላይ አፍጥጣለች፤ የምታየው ግን ሁለት ዓመትን ነበር። ሰረዝ ሲኖር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጧል ማለት ነው። መርፌዎቹን አገላብጬ ይዤ ይሆናል አለች በልቧ፤ በዚያች ሰዓት እጇ ምንም ቢሠራ አይደንቃትም ነበር። መሳቢያውን ከፍታ ከአንድ የሞተ የቤት ስልክ የተረፈ አዳፕተር አወጣች። ጀርባው ላይ ዘጠኝ ቮልት ይላል፤ ጫፉም ልክክ ብሎ ይገባል። ሰክታ ለካችው። ዘጠኝ፣ ያለ ሰረዝ። እሰይ አለች። የተስተካከለ መሰላት።

ሬዲዮና ስልክ ሲጠግን ለኖረ ሰው ይህ አድብቶ የሚጠብቅ ስህተት ነው። የቤት ዕቃ በብዛት ፖዘቲቩን የሚፈልገው ከጫፉ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ የጊታር ፔዳሎች ግን፣ ያውም አብዛኞቹ፣ እንደ ግትር ልጅ ተቃራኒውን ካልሰጣችሁን ይላሉ። ያቺ ሰረዝ ይህንን ነበር የምትናገረው፤ የሚሰማት አጣች እንጂ።

የአዲሱን አዳፕተር ጫፍ ወደ ሳጥኗ ልታስገባ ስትል መብራት ጠፋ። የልብስ ሰፊው መኪናም ከግድግዳው ማዶ ጸጥ አለ።

የሱቁ ሕግ አንድ ነው፤ ያልተሞከረ ዕቃ ከበሩ አይወጣም። አባቷ ያወጡት ሕግ ነው፣ ለዘመድም ለባለሥልጣንም ተጥሶ አያውቅም።

«እስኪመጣ ጠብቅ» አለችው።

«እትዬን ታውቂያታለሽ። ከዘገየሁ ችሎት ነው የምታቆመኝ።» እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱን ነው፤ ጠበቃ ናት።

«ሳይሞከር?»

«አንቺ የነካሽውን ደግሞ ምን ይሞክሩታል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ አባቷ ከጥጋቸው፣ ለማንም ሳይሉ።

በግራጫው ብርሃን ሳጥኗንና አዳፕተሩን አቀበለችው። በዚህ ጊዜ ጣቶቻቸው አልተጠነቀቁም። እጁ እጇ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ በሩቅ መኪና ዳገቱን ሲያቃስት ይሰማል።

«ከወደዱኝ…» አለ።

«ከወደዱህ ትሄዳለህ።»

ሌላም የሚባል ነገር ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። እሱ ወጥቶ ዳገቱን መውጣት ሲጀምር መብራቱ መጣ፤ ጠጋኟ በመምጣቱ ተናደደችበት።

*

የፈተናው ማግስት ጠዋት የሱቁን በር የከፈተው እሱ አልነበረም።

እህቱ ነበረች። እናትና አባታቸው ካለፉ ጀምሮ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ባለው ባለትልቅ በር ቤት ውስጥ፣ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። ይህን ሱቅ በመኪና መስኮት እንጂ በእግሯ ረግጣው አታውቅም። «ያቺ የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ» ስትል ሰምተናታል የሚሉ አሉ፤ አባባሏንም አስመስለው ማሳየት ይወዳሉ።

ሰማያዊዋን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«ትናንት ወንድሜ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰካት። መብራቷ እንኳን አልበራም። ትንሽ የመቃጠል ሽታ ሸተተ፣ አለቀ። ባትሪ ከተተባት፣ እምቢ አለች። ያለሷ ተጫወተ።» ሳጥኗን በጣቷ ገፋ አደረገቻት። «መጫወት ከተባለ።»

ጠጋኟ የእጅ መጥረጊያ ጨርቋን አነሳች። «እሱስ?»

«መምጣት አልፈለገም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደተቀበለቻት መናገር ይከብዳል። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ እጇ ላይ የነበረውን ጨርቅ አራት ማዕዘን አድርጋ አጠፈችው፣ ከዚያ ደግሞ ዘረጋችው።

«የባንዱ መሪ ደግ ሰው ነው» ቀጠለች ጠበቃዋ። «እጁ ጥሩ ነው፣ ያን የሚባልለትን ድምፅ ግን አልሰማንም አለ። ነገ ከሰዓት አንዴ ደግመው ይሰሙታል። ከዚያ መንገዳቸውን ነው።»

ጠጋኟ ብሎኖቹን ፈትታ ሳጥኗን ከፈተች። ፍለጋ አላስፈለጋትም። ኤሌክትሪኩ የሚገባበት ቦታ አጠገብ አንዲት ሩዝ የምታህል ጥቁር ዕቃ ሆዷ ተሰንጥቆ ተቀምጣለች። ዳዮዱ ነው፤ የበር ጠባቂ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ኤሌክትሪክ በተገላቢጦሽ ሲመጣ እሱ ተቃጥሎ የውስጡን ያተርፋል። በቴስተር ነካችው። በዚህም በዚያም ያሳልፋል፣ ስለዚህ ሞቷል። ያን ጊዜ ያቺ ሰረዝ ዓይኗ ላይ ድቅን አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የሰጠሁት አዳፕተር የተገለበጠ ነበር። ሳልሞክር ሰጠሁት።»

«ከዚህ ሱቅ ያልተሞከረ ዕቃ አይወጣም ሲባል ነው የምሰማው።»

«አይወጣም።»

«የዚያን ቀን ግን ወጣ።»

«ወጣ።»

ጠበቃዋ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እንዳይሄድ ፈልገሽ ነበር?»

ብልጥ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ምን ብሎ እንደሚያመልጥ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ጠጋኟ ግን ዕድሜዋን በሙሉ የተሰበረውን ተሰብሯል፣ የሚሠራውን ይሠራል ስትል የኖረች ልጅ ናት፤ ሌላ ዓይነት መልስ አልለመደችም።

«አዎ» አለች። «ፈልጌ ነበር።»

ግን ሆን ብዬ አላደረግኩትም የሚለው ገና ምላሷ ላይ ሳለ ጠበቃዋ ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ በላይ መስማት የፈለገች አትመስልም። «ሥሪያት» አለች በሩ ላይ ሆና፣ ሳትዞር። የጫማዋ ድምፅ ዳገቱን እየወጣ ራቀ። ጠጋኟ ግማሽ እውነት ተናግራ እንደቀረች ሲገባት ፊቷ በእፍረት ጋለ።

*

አትድንም ብትል የሚከራከራት አልነበረም። ጊታሪስቶች ይህንን አይከፍቱም፣ ጠበቆችም እንደዚሁ። ሞታለች የምትል አንዲት ቃል ብትወጣት ሳጥኗ ትቀራለች፣ ዜማው ይቀራል፣ እሱም ይቀራል። ካውያው ግሎ እየጠበቃት ይህን ስታስብ ቀኑ እኩል ሆነ።

«እጅሽ አይሰማኝም» አሉ አባቷ።

«አባዬ፣ አትድንም ብላቸውስ?»

«ትችያለሽ» አሉ አባቷ። «ያምኑሻል። ልጁም ይቀራል።»

«እና?»

«እናማ በዚያ በር በገባ ቁጥር ዓይኑን ታያለሽ። እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ምንም አልሆንም። አንቺ ግን ታያለሽ።»

ካውያውን አነሳች። የሞተውን ዳዮድ ነቅላ ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ጤነኛ አውጥታ በቦታው በየደችው፤ የብየዳው ጭስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ተጠማዘዘ፣ ጠፋ። ከዚያ ወደ አዳፕተሩ ዞረች። ያን የተገለበጠውን ጥላ ሌላ አዲስ አወጣች፣ ሽቦውን አንገቱ ላይ ቆረጠችው፤ ቀዩን ወደ ጥቁሩ፣ ጥቁሩን ወደ ቀዩ አዛውራ በየደች፣ ለየብቻ ሸፍና ጠቀለለቻቸው። ለካችው። ዘጠኝ፣ ከፊቱ ደግሞ ሰረዟ። እስክትጠግብ አየቻት። ሰካችና ሳጥኗን ረገጠቻት፤ ቀይ መብራቷ በራ።

አሁን መሞከር አለባት፤ ጊታር ደግሞ የለም። ከመደርደሪያው አሮጌ ማይክ አውርዳ በሳጥኗ በኩል ወደ ስፒከሩ አገናኘችው። አባቷ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል። ተኝተዋል ብላ አመነች፤ ማመን ስለፈለገች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» አለች።

ሙከራ… ሙከራ… ሙከራ… አለ ሱቁ። ድምፅዋ ከራሷ አፍ ወጥቶ የሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰላት፤ ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሱቁን ለቆ የሚሄድበት ቦታ ያለው። እሱ መድረክ ላይ ሆኖ የሚሰማው ይህንን ነው ማለት ነው። ደግማ ልትሰማው ፈለገች፣ የምትለው ነገር ስትፈልግም ያለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

«ሆን ብዬ አይደለም» አለች ወደ ማይኩ።

አይደለም… አይደለም… አይደለም…

«ብትቀር ደስ ይለኛል። ብትሄድም እወድሃለሁ።»

እወድሃለሁ… አለ ስፒከሩ። እወድሃለሁ… አሉ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች። ዓይኗን ጨፍና እየራቀ ሲሄድ ሰማችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጧ የወጣ ነገር አየር ላይ ሲንሳፈፍ ሰማች፣ አላፈረችበትም።

«በሩ ላይ የቆምከው ሰውዬ» አሉ አባቷ አገጫቸውን ሳያነሱ፣ «ወይ ግባ ወይ ዞር በል። ያችኑ ያለችኝን ብርሃን ጋረድክብኝ።»

ጠጋኟ ዞረች። ጊታሪስቱ እጁን በሩ ፍሬም ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ከአንድ፣ ሁለት ጀምሮ።»

አባቷ ዱላቸውን ፈልገው ተነሱ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነበር የማውቀው። ጊዜው ተለወጠና ማይክ ሆነ። እኔ ልብስ ሰፊው ጋ ነኝ፤ ሱሪዬን እለካለሁ።» ልብስ ሰፊው ያን ሱሪ ከለካ ቆይቷል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እትዬ ‹አዎ ብላለች› አለችኝ» አለ።

«የጠየቀችኝ ፈልገሽ ነበር ወይ ብላ ነው። ፈልጌ ነበር። አድርገሻል ወይ ብትለኝ አላደረግኩም እላት ነበር።»

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ለራሴም ግልጽ አልሆነልኝም ነበር። የተሳሳተው እጄ ነው ወይስ ልቤ እያልኩ ስለይ ሄደች።»

«አሁንስ ለየሽ?»

«እጄ ነው። ልቤማ የዚያን ቀን ሥራ አልገባም።»

ወደ መሬት አይቶ ሳቀ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ተቀይሜሽ ነበር» አለ። «ሁለተኛ እዚህ ሱቅ በእግሬ አልገባም አልኩ። እግሬ ግን ለምዶሻል፤ እኔ ስቀየም እሱ አልተቀየመም።» ወደ ጠረጴዛው መጣ። በመሃላቸው ሰማያዊዋ ሳጥን ብቻ ነበረች፣ ቀይ መብራቷን አብርታ። «እወድሻለሁ። ይሄን ለማለት ስንቴ ጤነኛ ሽቦ ይዤልሽ እንደመጣሁ አታውቂም።»

«አውቃለሁ። እኔም ስንቴ ጤነኛ ሽቦ ፈትቼ እንደገጠምኩልህ አታውቅም።»

የዝናቡ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ብሎኖቹ፣ ቅንጥብጣቢ ሽቦዎቹ፣ የእሷ የተለበለቡ ጣቶች፣ ሁሉም በእሱ ውስጥ የሚያምሩ ይመስሉ ነበር።

«ቅር በይኝና ልቅር» አለ። «አንድ ቃል ብቻ በይኝ። ነገ አልሄድም፣ ለእነሱም ሳጥኗ አልዳነችም እላለሁ፣ ማንም አያውቅም።»

ቀኑን ሙሉ ስትፈራው የነበረው ነገር በገዛ እጁ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠው። የሚያስፈልጋት አንድ ቃል ነው፤ ቃሉም አጭር ነው።

«አልልህም።»

«ለምን?»

«ስለምወድህ ነው ብልህ የመጽሔት ፍቅር ይመስላል። ግን ሌላ ምክንያት የለኝም።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ብትቀር ደስ ይለናል። ከዚያ አንድ ቀን ጊታሩን አንስተህ መስኮት መስኮቱን ታያለህ። ምን ሆንክ ስልህ ምንም ትለኛለህ። እኔ ሁለት ዓመቱን እችለዋለሁ። ያን ምንም ግን አልችለውም።»

ጊታሪስቱ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። «ጠብ…»

«ጠብቂኝ አትበለኝ» አለችው። «ሳትለኝ ልጠብቅህ።»

የተለበለቡ ጣቶቿን ወስዶ ጉንጩ ላይ አደረጋቸው። የጊታር እንጨቱ፣ የብየዳውና የዝናቡ ሽታ አንድ ላይ ነበር። ጠጋኟ ይህን ሁሉ እያገኘችው ይሁን እያጣችው፣ ማወቅ አቃታት።

*

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ባዶ ወንበር ይበዛበታል። ፊት ለፊት የባንዱ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ከጎንና ከኋላ ደግሞ ለመስማት የመጡ ጥቂት ሰዎች። ጠጋኟ የሱቁን በር ዘግታ፣ ሳጥኗን እስከ መድረኩ ድረስ ራሷ ይዛ ሄዳ፣ ራሷ ሰክታ፣ ራሷ ሞክራ ነው ወደ ኋላ መጥታ የተቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ያን ሁሉ ባዶ ወንበር አልፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ጠበቃዋ ነበረች። ሰላም አልተባባሉም።

እሱ መድረኩ ላይ ወጣ። ቀይዋ መብራት በራች። ጊታሩን ከመንካቱ በፊት ዓይኑ ወንበር ለወንበር እየዞረ ፈለጋት፣ አገኛት፣ እዚያው ቆየ። የባንዱ መሪ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሱ ግን አልቸኮለም። ከዚያ አንድ ክር መታ።

ድምፁ ሄደ። እሱ ጠበቀው። ድምፁ ከአዳራሹ ጥግ ሩቅ አገር አይቶ እንደመጣ ሰው ተለውጦ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን መትቶ አብሮት አስሄደው። ቀስ እያለ አዳራሹ በሚሄዱና በሚመለሱ ድምፆች ተሞላ፤ ማን እየሄደ እንደሆነ፣ ማን እየመጣ እንደሆነ መለየት የሚያስቸግር ሆነ። ጠጋኟ እጆቿን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። እንዲህ ሲጫወት ሰምታው አታውቅም። እያንዳንዱ የሚያምር ድምፅ አንድ እርምጃ እንደሚያርቀው እያወቀች እንኳን፣ እባክህ አትሳሳት ስትል ራሷን ሰማች።

«ትናንት» አለች ጠበቃዋ በሹክሹክታ። ድምፅዋ የችሎት ድምፅ አልነበረም። «እንዳይሄድ ፈልገሽ ነበር ወይ አልኩሽ።»

«አዎ አልኩዎት። ግን ሆን ብዬ…»

«ነግሮኛል። እሱን አይደለም የምልሽ።» ጠበቃዋ መድረኩን እያየች ነው። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እዋሽ ነበር። ባቡር ጣቢያ ድረስ እየሳቅኩ ልሸኘው ነበር ያሰብኩት። ስንት ጊዜ እንደተለማመድኩት ብታውቂ።» በአገጯ ወደ ጊታሩ አመለከተች። «የዚያ ጊታር ድምፅ የማይሰማበት ክፍል የለንም። ማታ ማታ ቀንስ እያልኩ እጮህበታለሁ።»

ጠጋኟ ዞር ብላ አየቻት። ችሎት ፊት ተረትታ የማታውቀው ሴት እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ መሐረብ እንኳን አላወጣችም።

«አይዞዎት» አለች። «እርስዎ…»

«እትዬ በይኝ» አለች ጠበቃዋ። «እሱ ሲሄድ እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም።»

ጠጋኟ እጇን ዘረጋች። ጠበቃዋ ያን የተለበለበ እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ አጥብቃ፣ እንደሚወድቅ ዕቃ።

«አይዞሽ፣ እትዬ» አለች ጠጋኟ።

መድረኩ ላይ የመጨረሻው ድምፅ ተመታ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሳሳ፣ እንደገና ሄደ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ አለቀ ለማለት የደፈረ ሰው አልነበረም። የባንዱ መሪ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል፤ ያን ፈገግታ ሁለቱም አዩት፣ ሁለቱም ገባቸው። ጠበቃዋ እጇን ለቀቀቻት። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድመው ተነስተው ማጨብጨብ የጀመሩት እንዳይሄድ የፈለጉት ሁለቱ ሴቶች ነበሩ።